አንደበቱ ቢታሰር አሳቡ አልታሰረም

ከአባቶቻችን የወረስነው አንድ ተረት አለ፤ «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላል። ተረቱ ስለሚናገር ሰው እውነት ነው። ባለጉዳይ ነገሩን አሳምሮ ካላስረዳ መብቱን ያጣልና። ነገር ግን ወጣቶች ሆይ፥ ከቶ መናገር የማይችለው ሰውስ በምን ይፈረድለታል? ምላሱ ያልታዘዘለት፥ እጁም ብዕር ለመያዝ ያልቻለ ሰው ጉዳዩን በማን አፍ ያሰማል? እኛ እስከ ዛሬ ለዚህ ጥያቄ አብዝተን የምንሰጠው መልስ «እርሱማ ምንም የሚለው የለውም» የሚል ነው። ይህ መልስ ሐሰት ነው። ሐሰትነቱም ሰውን የሚጎዳ ስለ ሆነ፥ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም።

አስቀድሜ ስለ ማን እንደምናገር ልለይ። መስማት ለተሳነው ሰው የምልክት ቋንቋ አለው፤ ለዓይነ ስውርም ብሬል አለው። ለእነዚህ ወገኖቻችን ያለብን ዕዳ ተከፍሎ ባያልቅም ቅሉ፥ መንገዱ ታውቋል። የእኔ ነገር ስለ ሌላ ወገን ነው። በተወለደ ጊዜ አየር አጥሮት፥ ወይም በአራስነቱ ብርቱ የወፍ በሽታ ይዞት አንጎሉ የተጎዳ ሕፃን አለ። ይህ ልጅ እግሩና እጁ፥ አንገቱና ምላሱ እንደ ፈቃዱ አይታዘዙለትም፤ ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። በጕልምስናው ወራት የአንጎሉ ደም ሥር ተዘግቶ ወይም ፈስሶ ድንገት የወደቀ ሰው አለ። ጡንቻን የሚያዙትን ነርቮች ቀስ በቀስ በሚገድል በሽታ የተያዘም አለ። እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፤ የአንዳንዱ ማስተዋልም አብሮ ተጎድቷል፥ የአንዳንዱ ግን ምንም አልተነካም። በተለይ ከወፍ በሽታ የመጣው ጉዳት እንቅስቃሴን አጥብቆ እያወከ ማስተዋልን ሳይነካ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን ሁሉም አንድ ይመስሉታል። ምራቁ የሚወርድ፥ አንገቱ የሚዞር ሰው ሁሉ «አያውቅም» ተብሎ ሳይመረመር ይፈረድበታል።

አሁን በአሳባችን ወደ ኢዲዶ እንሂድ። ኢዲዶ ከዲላ በስተ ደቡብ በይርጋ ጨፌ ያለች፥ ቡናዋም በሩቅ አገር በስሟ እየተጠራ የሚሸጥ ቀበሌ ናት። በዚያ የጌዴኦ ምድር ትልቁ ዛፍ ለቡናው ጥላ ይሆነዋል፤ ቡናውም ከእንሰቱ ጋር ተጠጋግቶ ይበቅላል። ሽማግሌዎቹም በሶንጎ ተቀምጠው የሰውን ጉዳይ ይሰማሉ፤ ሰምተውም ይመክራሉ። ዩኔስኮ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህን ከምድርና ከሰው ጋር ተስማምቶ የመኖር ጥበብ አይቶ ነው። እንግዲህ በዚህ በተመሰገነ አገር አንድ ቤት አለ እንበል። እኔ ስሙን የማልጠራው፥ ነገር ግን በኢዲዶም በዲላም፥ በጎንደርም በአዲስ አበባም መሳዩ የማይታጣ ቤት ነው።

በዚህ ቤት ጓዳ ውስጥ ሃያ ዓመት የሞላው አንድ ወጣት ተኝቷል። እንግዳ ሲመጣ መጋረጃው ይወርዳል። ይህ ልጅ ከወር በፊት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ይጮኻል። አንዱ ክፉ መንፈስ ነው አለ፤ አንዱ ቁጣ ነው አለ፤ አንዱም ዕድሜው ስለ ገፋ በሽታው ብሶበት ነው አለ። ጸሎት ተደረገለት፤ ራሱም ቅቤ ተቀባ። ጩኸቱ ግን አልተወም። ቤቱ ጌዴኦኛም አማርኛም የሚነገርበት ነው፤ ታናሽ እኅቱም የአማርኛ ትምህርቷን ዓመት ሙሉ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ ጮክ ብላ ስታጠና ኖራለች። አንድ ቀን የፊደል ገበታዋን ስትዘረጋ የወንድሟ ዓይን ከጣቷ ጋር አብሮ ሲሄድ አየች። ነገሩ ገባትና «ጋሼ፥ የምትፈልገው ፊደል ላይ ስደርስ ዓይንህን ወደ ላይ አንሣ» አለችው። እየቆየ፥ እየተሳሳተ፥ እንደ ገና እየጀመረ ሦስት ፊደል አስመለከታት፤ ጥ፥ ር፥ ስ። አፉን ከፍተው ቢያዩ መንጋጋው አብጧል፤ ጥርሱ ተበልቷል። ወር ሙሉ የጮኸው ጥርሱን ታሞ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ በዚህ ምሳሌ ውስጥ ምን ማሽን አያችሁ? ምንም የለም። የነበረው በየገበያው የሚሸጠው የፊደል ገበታና አንዲት ታጋሽ ልጅ ናቸው። እኛ ፊደላችንን በዝማሬ እየቈጠርን ስንማር፥ ለአንደበተ እስሩ የተሠራ የሚመስል መሣሪያ በእጃችን እንደ ነበረ አላስተዋልንም። የፊደላችን ሥርዐት ቤት በቤት፥ ረድፍ በረድፍ ነው። 33ቱ ቤቶች ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት 7ቱ ደግሞ ወደ ጎን ይሄዳሉ፤ በድምሩ 231 ይሆናሉ። ከ231 ፊደላት አንዱን ለመፈለግ ሁሉን መዞር አያሻም። መጀመሪያ ቤቱን፥ ቀጥሎ ረድፉን መጠየቅ ይበቃል።

እርሳስ አንሥታችሁ አብራችሁኝ ቍጠሩ። የጠ ቤት ከላይ 27ኛ ነው፤ ሳድሱም 6ኛ ነው፤ ስለዚህ ለ«ጥ» 33 ጊዜ ማመልከት ያስፈልጋል። ለ«ር» 6 እና 6፥ 12 ጊዜ፤ ለ«ስ» 7 እና 6፥ 13 ጊዜ ነው። ድምሩ 58 ሆነ። ይህ ይረዝማል የምትሉ እንደ ሆነ ቤቶቹን አሥራ አንድ አሥራ አንድ አድርጋችሁ በሦስት ክፈሏቸው፤ አስቀድማችሁም «ከየትኛው ክፍል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። 58 የነበረው 41 ይሆናል። ሳድስ በጽሑፋችን እጅግ ይበዛልና፥ ከ7ቱ ረድፍ ሳድስን አስቀድማችሁ ብትጠይቁ ደግሞ 26 ብቻ ይሆናል። በድምፅ አንድ የሆኑትን ሐንና ኀን፥ ሠን፥ ዐን፥ ፀን ለጊዜው ብታስቀሩ 33ቱ ቤቶች ወደ 28 ይወርዳሉ። ይህን ለማሰብ የተማረ መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሊያስበው ይችላል።

ይህ ከእኔ ልብ የፈለቀ ብልሃት እንዳይመስላችሁ። ዣን ዶሚኒክ ቦቢ የተባለ የፈረንሳይ አገር መጽሔት አዘጋጅ በ1995 የአንጎሉ ደም ሥር ተጎድቶ ወደቀ። ከሰውነቱ ሁሉ የሚታዘዝለት የግራ ዓይኑ ቆብ ብቻ ነበረ። ፊደላቱ በጽሑፍ በሚደጋገሙበት ብዛት ተደርድረው በቃል ይነበቡለት ነበር፤ የፈለገው ፊደል ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል። በዚህ መንገድ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አጻፈ፤ መጽሐፉም በመጋቢት 1997 ታትሞ ወጣ፥ እርሱም በዚያው ሰሞን ሞተ። ስቲቨን ሆኪንግ የተባለው ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ በ1985 በሳንባ ምች ታሞ ጕሮሮው ሲከፈት ድምፁን ጨርሶ አጣ። ዓለም የሚያስታውሰው በኮምፒዩተር ሲናገር ነው፤ ከኮምፒዩተሩ አስቀድሞ ግን ፊደል የተጻፈበት ሰሌዳ እየተያዘለት፥ ቅንድቡን እያነሣ ቃላቱን ያስቈጥር ነበር። ኋላም ዋልት ዎልቶዝ የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው ያዘጋጀው ፕሮግራም ደረሰለት፤ መጀመሪያ በእጁ፥ እጁ ሲደክም በጕንጩ እንቅስቃሴ ቃል እየመረጠ እስከ ሞተበት እስከ 2018 ድረስ አስተማረ፥ ጻፈ፥ ቀለደም።

ከዚያም አስቀድሞ፥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፥ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ሬጅ ማሊንግ የተባለ ሰው አንድ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። መላ ሰውነቱ ሽባ የሆነ ሰው በቀጭን ቱቦ እየነፋና እየሳበ የጽሕፈት መኪናን እንዲያዝ ያስችለው ነበር። የመሣሪያውም ስም ፖሰም ተባለ፤ ቃሉ በላቲን «እችላለሁ» ማለት ነው። ፊደል ላልተማረ ሰውም መንገዱ አልተዘጋም። ቻርልስ ብሊስ የተባለ ሰው የዓለም ሕዝብ ሁሉ ይግባባባቸው ብሎ የሠራቸውን ሥዕላዊ ምልክቶች፥ የካናዳ አስተማሪዎች በ1971 በቶሮንቶ መናገር ለማይችሉ ልጆች አዋሏቸው። ልጆቹም ፊደል ሳያውቁ በምልክቶቹ አረፍተ ነገር መሥራት ቻሉ።

በአገራችንም ከፊደላችን መድኃኒት የፈለገ ሰው አልታጣም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። ኦቲዝም እስከ አሁን ከተናገርሁለት ጉዳት የተለየ ቢሆንም፥ «አይናገርም፥ ስለዚህ አያውቅም» የሚለው ፍርድ በሁለቱም ላይ ይወርዳል። እኒህ ሴት በ2002 በአዲስ አበባ ለእንዲህ ያሉ ልጆች ማዕከል ከፈቱ፤ በአገራችን ፊደልና ድምፅ ላይ የቆመ፥ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። በ2021 ቢያርፉም ሥራቸው ምስክር ነው። ከሩቅ አገር እስኪመጣላቸው አልጠበቁም፤ በእጃቸው ካለው ጀመሩ።

አሁን ወደ ተከራካሪዎቼ ልመለስ። የመጀመሪያው ተከራካሪ «ይህ የእግዚአብሔር ቍጣ ነው፥ የቤተ ሰብ ነውር ነው፥ በጓዳ ይሰወር» ይላል። ለእርሱ መልሴ አጭር ነው። የአራስ ሕፃን የወፍ በሽታ በጊዜው ወደ ሐኪም ቤት ከተወሰደ በብርሃን የሚታከም በሽታ ነው። በብርሃን ለሚድን ነገር በጨለማ መደበቅ ምን ይረባዋል? ነውር ካለ፥ ነውሩ የልጁ አይደለም፤ የመጋረጃው ነው።

ሁለተኛው ተከራካሪ የዋህ ነው፤ ስለዚህም ይበልጥ ያስፈራኛል። «እኛ ወላጆቹ፥ እኛ ወንድሞቹ እናውቅለታለን፤ ዓይኑን አይተን የሚሻውን እንሰጠዋለን» ይላል። ፍቅሩን አልክድም። ሃያ ዓመት ያጎረሰች፥ ያጠበች፥ ያገላበጠች እናት ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። ነገር ግን ወደ ኢዲዶው ቤት እንመለስ። አባት ሞቶ የቡናው መሬት በልጆቹ መካከል ሊከፈል ሽማግሌዎች ተቀመጡ እንበል። ሽማግሌው ደግ ሰው ነውና «ያ ልጅስ?» ብሎ ጠየቀ። ታላቅ ወንድም ተነሥቶ «አባቴ፥ እርሱ ምንም አያውቅም፤ እኛ እናውቅለታለን» ብሎ መለሰ። ነገሩም በዚሁ ተዘጋ። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ወር ሙሉ ሲጮኽ ጥርሱን ያላወቁለት ሰዎች መሬቱን እንዴት ያውቁለታል? ፍቅር ብቻውን ዕውቀት አይሆንም። የሌላውን ሰው አሳብ የምናውቀው እርሱ ሲነግረን ነው፤ እንዲነግረንም በር ካልከፈትንለት፥ እናውቅለታለን የምንለው የራሳችንን አሳብ ነው።

ሦስተኛው ተከራካሪ የተማረ ሰው ነው። «ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ነገር ነው፤ እኛ ገና ዳቦ እንፈልጋለን» ይላል። እርግጥ በዓይን እንቅስቃሴ የሚታዘዙት ልዩ ኮምፒዩተሮች በሺህ በሚቈጠር ዶላር የሚሸጡ ናቸው። ለገበታው የሚያስፈልገው ካርቶን ግን ስንት ብር ነው? ዛሬ በብዙ ወጣት ኪስ ያለው ስልክም በአንዲት ቍልፍ ብቻ እንዲታዘዝ የሚያደርግ መንገድ አለው፤ አንድ ጣት ወይም አንድ ጕንጭ ማንቀሳቀስ የቻለ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። አማርኛን የሚያነቡ ሰው ሠራሽ ድምፆችም ተሠርተዋል። እኔ ማሽንን አልንቅም። ካርቶኑ ሌላ ሰው ካልያዘው አይናገርም፤ ማሽኑ ግን ባለቤቱ ብቻውን ሳለ፥ ረዳትም ሳይኖር፥ በጨለማም ቢሆን እንዲጣራ ያስችለዋል። ስለዚህ ማሽኑን መመኘትና መጠየቅ ተገቢ ነው። የምቃወመው ማሽኑ እስኪመጣ እያሉ ዝም ማለትን ነው። ፊደል ያልተሰጠው ሰው ማሽን ቢሰጠው ምን ይጽፍበታል? እኛስ ለካርቶኑ ያልታገሥን ለማሽኑ እንታገሣለን?

ከእነዚህ ከሦስቱ ሌላ አንድ ወገን አለ፤ ይህኛው ወዳጅ መስሎ የሚመጣ ነው። «እኔ እጁን ይዤለት ይጽፋል» የሚል ረዳት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አገር የብዙ ልጆች እጅ በረዳቶች እየተደገፈ በጽሕፈት ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ታየ፤ ወላጆችም በደስታ አለቀሱ። በኋላ ግን ነገሩ በሥርዐት ተፈተነ። ረዳቱ የማያየውን ሥዕል ልጁ ብቻ እንዲያይ ሲደረግ፥ የሚጻፈው ረዳቱ ያየው ሆነ። ረዳቶቹ እያወቁ አልዋሹም፤ ሳያውቁት የገዛ አሳባቸውን በልጁ እጅ ይጽፉ ነበር። እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ይህን ሕግ ያዙ። ገበታውን ያዙለት እንጂ እጁን አትያዙ። ምልክቱ የራሱ ይሁን፤ ዓይኑ፥ ቅንድቡ፥ ጣቱ፥ የእርሱ ብቻ የሆነ ነገር ይሁን። የተጠራጠራችሁ እንደ ሆነ እናንተ የማታውቁትን፥ እርሱ ግን የሚያውቀውን ነገር ጠይቁት። የሰውን አንደበት ከመዝጋት ይልቅ በሰው አንደበት የራስን ነገር መናገር የከፋ ስርቆት ነው።

ገበታ የምትሠሩለትም ሰው ፊደል ያላወቀ እንደ ሆነ ሥዕል ሥሩለት፤ ውሃ፥ ቆጮ፥ እናት፥ ሕመም፥ ከቤት ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን ሦስት ነገሮችን አኑሩበት፤ እነርሱም «አይሆንም»፥ «ሌላ ነገር ነው»፥ «አልገባችሁም» የሚሉት ናቸው። እንጀራና ውሃ ብቻ የተሣለበት ገበታ የልመና ገበታ ነው። ሰው መሆኑ የሚታወቀው እንቢ ማለት ሲችል ነው። ምናልባት መጀመሪያ የሚላችሁ ቃል ምስጋና አይሆን ይሆናል፤ «ደከመኝ፥ ተዉኝ» ቢላችሁ አትቀየሙ። ደስ ሊላችሁ ይገባል፤ የተናገረው እርሱ ነውና። በቤቱ የሚነገረው ጌዴኦኛ ከሆነም ገበታው በጌዴኦኛ ይሁን። ጌዴኦኛ ዛሬ በትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ፊደሎቹም ከእኛ ገበታ ያነሱ ስለ ሆኑ ሥራው ይቀላል።

ሕግም ከእናንተ ጋር ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2006 ያወጡት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት፥ ሰው አሳቡን በመረጠው የመግባቢያ መንገድ የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል፤ አማራጭ የመግባቢያ መንገዶችንም በስማቸው ይጠራል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። ስለዚህ ዳኛም፥ ሽማግሌም፥ ሐኪምም፥ አስተማሪም ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ትቶ ረዳቱን ብቻ ቢጠይቅ የሚያጎድለው ቸርነትን አይደለም፥ የሰውን መብት ነው። በዲላ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና፥ የኮምፒዩተር ወይም የመምህርነት ትምህርት የምትማሩ ወጣቶችም ልብ በሉ። የእናንተን ዕውቀት የሚጠብቁ ሰዎች ከግቢያችሁ ብዙ ሳይርቁ፥ በቡናው ጥላ ሥር ባሉት ቤቶች ይኖራሉ። ነገ የምትሠሩት መሣሪያ ቢኖር ጕንጩን ብቻ ለሚያንቀሳቅስ ሰው፥ በአገሩ ቋንቋ የሚናገር ይሁን።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ከዚህ ጽሑፍ ስትነሡ አንድ ካርቶን ፈልጉ፤ ፊደሉን በሦስት ክፍል፥ ሳድስን አስቀድማችሁ በጕልህ ጻፉበት። ከዚያም በሰፈራችሁ መጋረጃ ወደ ወረደበት ቤት ሂዱ፤ እናቱን በአክብሮት ሰላም ብላችሁ አስፈቅዱ። ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ፤ ስማችሁን ንገሩት፤ የእርሱንም ስም ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእርሱ ጠይቁ። «አዎ» የሚልበትን ምልክት እስክታገኙ ድረስ አትቸኵሉ፤ አንድ ቀን ባይበቃ በማግስቱ ተመለሱ። አንዳንዱ በገበታው ሊመልስላችሁ አይችል ይሆናል፤ ያም ቢሆን አጠገቡ ተቀምጣችሁ ስሙን ስለ ጠራችሁ አልከሰራችሁም። የሚመልሰው ግን ስንት ዓመት ሲጠብቃችሁ እንደ ኖረ ራሱ ይነግራችኋል። በሚቀጥለውም ጊዜ በሶንጎም ሆነ በሸንጎ «እርሱ ምንም አያውቅም» የሚል ቃል ስትሰሙ ተነሥታችሁ «ገበታው ይምጣና ራሱ ይጠየቅ» በሉ።